በዲቲኮን፣ ከኬኩ ውስጥ የወጣው ሕፃን

ቅዳሜ ንጋት፤ ጄኔቫ

ገና ሳይነጋ ከሰፈሬ ከሻትሌን ተነሥቼ ባቡር ጣቢያ ስደርስ፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ጌታቸው ከራሱ ሰፈር ከኦኔ ቀድሞኝ መጥቷል። ሙሉ ልብስ ለብሶ ከረባት አስሯል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲለብስ አላየሁትም። የምንሄደው ዙሪክ አጠገብ ወዳለችው ዲቲኮን ነው፤ አንድያ ልጁ ሩት እዚያ ነርስ ናት። ልታገባው ያሰበችው ሉክ አሜሪካዊ ነው። እናቱ ከሉዊዚያና መጥታ «ቤተሰቡን ልተዋወቅ» ብላለች። ሰኞ ዐቢይ ጾም ስለሚገባ ቅበላውንም አብረን እንድናሳልፍ ተነጋግረናል።

«ሽማግሌ ሳይልኩ እናቲቱ ራሷ?» ይላል ጋሼ፣ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ።

«ሴት ሽማግሌ ናት በላት» አልኩት። አልሳቀም።

ረፋድ፤ ዙሪክ

ባቡር ለመቀየር ስንወርድ ክው አልኩ። የእንጨት ፊት ያጠለቁ፣ የፍየል ቀንድ የተከሉ፣ ከራስ እስከ እግራቸው ጠጉር የለበሱ ሰዎች ጣቢያውን ሞልተውታል። ጡሩምባና ከበሮው ጣሪያውን ያናውጠዋል። አፍንጫዋ ክንድ የሚያህል አንዲት ጠንቋይ የተቆራረጠ ወረቀት በእፍኟ ዘግና በጋሼ ኮሌታ ውስጥ ሞጀረችበት!

«በስመ አብ! ፖሊስ የለም እንዴ?» አለ፤ ሁለተኛውን በፈረንሳይኛ።

ጠንቋይዋ ጭንብሏን ገለጠች። በዕድሜ ከኔ የማታንስ፣ ጉንጯ የቀላ ባልቴት ናት። «ካርኒቫል ነው፣ ሙስዬ፤ ከጾም በፊት ያለው ፌሽታ» ብላ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ በዘይት ተጠብሶ ስኳር የተነሰነሰበት ቂጣ ሰጠችው።

«ታዲያ ቅበላ ነዋ!» አለኝ እየቆረጠመ።

ቀትር፤ ዲቲኮን

የሉክ እናት ዴኒዝ ግዙፍ ሴት ናት፤ በሩ ላይ ጋሼን እቅፍ ስታደርገው ከመሬት ሊነሣ ምንም አልቀረው። በሩዝ ላይ የፈሰሰ የዶሮና የባሚያ ወፍራም መረቅ አቀረበች። ቀጥሎ ቤኜ፦ ቦምቦሊኖ የሚመስል፣ ግን አራት ማዕዘን፣ በስኳር ዱቄት የተቀበረ። «ይህን ወደ እኛ ያመጡት ፈረንሳዮች ናቸው» ስትል ሩት ታስተረጉማለች። በመጨረሻ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ ኬክ መጣ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሐምራዊ።

«ቀዩን ምን በላው?» አለ ጋሼ። ሁላችንም ሳቅን።

አንድ ጊዜ ገምጦ ቀጥ አለ። ከአፉ አንድ ነገር አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረው። ራቁቱን የሆነ፣ እጆቹን የዘረጋ፣ የፕላስቲክ ሕፃን!

ዴኒዝ በደስታ አጨበጨበች። የጋሼ ፊት ጠቆረ።

«ምን ማለታቸው ነው? ልጅህ አርግዛለች ሊሉኝ ነው? በአሽሙር?» ብሎ ካፖርቱን አነሣ።

ክንዱን ያዝኩት። «ጋሼ፣ ተው! በጥር የእኛ ሰፈር ዳቦ ቤት የሚሸጠው ጋሌት የሚሉት ኬክ ትዝ ይልሃል? ውስጡ ያለችውን ሸክላ ያገኘ ዘውድ የሚደፋበት? የእነሱ ደግሞ ሕፃን ነው፤ ያገኘው ባለዕድል ነው።»

አፍሮ ተቀመጠ። ከዚያ ሳቁ መጣበት። ሉክም፣ ዴኒዝም፣ እኔም ሳቅን። ሩት ብቻ አልሳቀችም።

«አባዬ» አለች፣ «ሴ ቭሬ… እውነት ነው። እርግዝናው ሦስተኛ ወሩን ይዟል።»

ሉክ እጇን ያዘ። ሩት ለእናቱ በእንግሊዝኛ ስትደግምላት የዴኒዝ ሳሕን ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። እሷም አታውቅም ነበር ለካ።

ጋሼ ወደ በረንዳው ወጣ። ተከተልኩት። ከታች እዚህም ጭንብል ለባሾች ጡሩምባ እየነፉ ያልፋሉ፤ ጋሼ ግን የሚሰማቸው አይመስልም።

«እናቷ ብትኖር ባወቀችበት ዕለት ትነግራት ነበር» አለኝ። «እኔን ፈርታ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን!»

ተመልሶ ገባ። ሩት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ምሳ በልተሻል?»

«ያስመልሰኛል፣ አባዬ።»

ወንበር ሳበላት። «ነይ ተቀመጪ። ትንሽ ትንሽ ቅመሽ። እርጉዝ ጾም የለባትም።»

ሩት ፊቷን ደረቱ ላይ ደፍታ አለቀሰች።

እሑድ ምሽት፤ ጄኔቫ

በመልሱ መንገድ ጋሼ በመስኮቱ ሐይቁን ያያል። እኔም ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም።

ጄኔቫ ልንገባ ስንል ወደ እኔ ዞረ።

«አልማዝ፣ ሩት በሕፃንነቷ የተኛችበትን አልጋ አልጣልኩትም። ምድር ቤት አለ። ባቡሩ ላይ ያስጭኑን ይሆን?»