የባቲው ዜሮ

ኢልሃም ሰው አታምንም። ወተት ስትገዛ ቀኑን ታነባለች፣ ከፍታ ታሸታለች፣ ባለሱቁንም ዓይን ዓይኑን ታያለች። ከሚሴ ባለው የከብት ጤና ቢሯችን ኮምፒውተሮቹን የምትይዘው እሷ ናት። እኔ ሙህዲን ደግሞ ከብት እመረምራለሁ። ስድስት ዓመት አብረን ስንሠራ ያለ ጥያቄ የተቀበለችኝ አንድ ነገር የለም። ታናድደኛለች፣ ወላሂ!

ሰኞ ጠዋት የባቲ ኬላ ተቆጣጣሪው አብዱሰላም ደወለ፤ ኢልሃምም እንድትሰማ የስልኩን ድምፅ ከፈትኩት። ጀይሉ የሚባል የጨፋ ሮቢት ገበሬ አራት በሬ ጭኖ ለገበያ ደርሷል፤ የያዘው የጤና ፈቃድ ግን እነሱ መዝገብ ላይ የለም።

"ወረቀቱ ፎርጅድ ነው። ለፖሊስ ላስረክበው ነው" አለ።

"ኧረ ተው! ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔው መርምሬ የመዘገብኳቸው በሬዎች ናቸው!" ብዬ ጮህኩ።

የባቲው ሰርቨር የኛን መዝገብ እየተከተለ ይገለብጣል። ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ የሚናገረው ቁጥር ኢልሃም ስክሪን ላይ አለ፤ ዜሮ ሰከንድ ይላል። እኛ ጋ ያለው ሁሉ ባቲም ደርሷል ማለት ነው።

ወደኔ ዞረች። "ፈቃዱን መዝገብ ውስጥ ያስገባኸው አሁን ስልኩ ሲጮህ ነው እንዴ?"

ደሜ ፈላ። "አንቺ ሴትዮ፣ አላህን ፍሪ!"

ዓይኗ ቁጥሩ ላይ ቀረ። "በዚህ መስመር? ስልኩ እንኳ እየተቆራረጠ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ዜሮ ብቻ? አብዱሰላም፣ ኮምፒውተርህ ስንት ሰዓት ይላል?"

"አራት ከሦስት። ሐሙስ ባትሪው ሞቶ ሰዓቱ ተዛብቶ ነበር፤ በእጄ ሰዓት አስተካከልኩት" አለ በኩራት።

የኛው አሥር ከሦስት ይላል። ማሽን የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ለሱ አራት ሰዓት ገና ያልነጋ ሌሊት ነው። መዘግየቱ የሚገኘው ደግሞ ከባቲው ሰዓት ላይ መጨረሻ የደረሰው መዝገብ እኛ ጋ የተጻፈበት ሰዓት ሲቀነስ ነው። የባቲው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ውጤቱ ከዜሮ በታች ይወጣል፤ ፕሮግራሙም ዜሮ ብሎ ያልፈዋል።

"አሥር አድርገው" አለችው።

አደረገው። ዜሮው ጠፋና የአራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ መዘግየት መጣ። የጀይሉ ፈቃድ ገና መንገድ ላይ ነበር።

"አልሐምዱሊላህ! ልቀቀው፣ በሬዎቹንም ስጠው!" አልኩ። ከወንበሬ ተነስቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም።

ኢልሃም ግን ፈገግ አላለችም። "ከሐሙስ ወዲህ መዝገብ ላይ የለም ብለህ ስንት ሰው መለስክ?"

በስልኩ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ።

"አሥራ አንድ" አለ አብዱሰላም። "ሁለቱ... አሁንም ፖሊስ ጣቢያ ናቸው።"

ኢልሃም ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። "በየጠዋቱ ዜሮውን እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር" አለች። "አውፍ በለኝ፣ ሙህዲን።"

ስድስት ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው፤ ሲመጣ ግን አላስደሰተኝም።

እስክሪብቶ አነሳችና ወደ ስልኩ ተጠጋች። "ስማቸውን ንገረኝ" አለች። "ከታሰሩት ጀምር።"