ማኖቬላ ይዞ የተመለሰው ሹፌር

ይህ የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ኮልፌ በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ ስሠራ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ የግራ እጄ ጣቶች አይታጠፉም፤ ልርሳው ብልም አልችልም።

ያኔ ወጣት ሐኪም ነበርኩ። ሙያዬ የሽንት ቧንቧና የወንዶች መራቢያ አካል በሽታ ስለሆነ፣ ልጅ ባጡ ባልና ሚስቶች ላይ ጥናት እሠራ ነበር። በዚያ ጊዜ ልጅ ካልተወለደ ጥፋቱ የሴቲቱ ነው፤ የሚጠራጠርም አልነበረም። ወንዶቹ ወደ እኔ የሚመጡት “ሽንቴን ያቃጥለኛል” ብለው ነው። ስመረምራቸው ግን የብዙዎቹ ችግር በወጣትነታቸው ይዟቸው በወጉ ያልታከመ ጨብጥ ነበር። ሲቆይ የዘር ቱቦን ይዘጋል።

አንድ ቀን ተሾመ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ሚስቱን ብርቄን ይዞ መጣ። ብርቄ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች። ስትቀመጥ ነጠላው ሸርተት ሲል ጉንጯ አብጦ፣ ከንፈሯ ተሰንጥቆ አየሁ።

“ምን ሆነሽ ነው?” አልኳት።

“ወድቄ ነው።”

ተሾመ ሳቀ። “በቅሎ ናት ዶክተር። እርስዎ መርምረው ቁርጡን ይንገሩኝና ልሸኛት።”

እሱም መመርመር እንዳለበት ስነግረው ቅር እያለው እሺ አለ። የዘር ፈሳሹን ናሙና በማይክሮስኮፕ ደጋግሜ አየሁት። አንድም የዘር ሕዋስ የለበትም።

ለውጤት ሲመለሱ ብርቄ በረንዳው ላይ ቀረች። ለእሱ ብቻውን፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። “ባለቤትዎ ጤነኛ ናት። የተዘጋው የእርስዎ ቱቦ ነው። ሊታከም ይችል እንደሆነ አብረን እናያለን።”

ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። በደህና የተቀበለው መስሎኝ እጄን መታጠብ ጀመርኩ።

ብዙም ሳይቆይ የብርቄን ጩኸት ሰማሁ።

ሮጬ ስወጣ፣ ተሾመ የመኪናውን ሞተር የሚያስነሳበትን ከባድ ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ከመኪናው አምጥቶ ቆሟል። ብርቄ ተንበርክካለች፤ ከራሷ የሚወርደው ደም ነጠላዋን አርሶታል። ዳግመኛ ሲሰነዝር እጄን ዘረጋሁ። ብረቱ ጣቶቼ ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት።

“ወንድ አይደለህም የምትለው ማንን ነው!” ብሎ አንቆ ግድግዳው ላይ አጣበቀኝ። ጭንቅላቴን ከግድግዳው ጋር ያላትመው ጀመር። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ወንዶች የግቢውን በር በርግደው ሸሹ። ዓይኔ ጨለመ፤ በቃ ሞትኩ አልኩ።

ያልሸሹት አባባ ደግፌ ብቻ ናቸው። ከጎጃም መጥተው ኮልፌ የኖሩ፣ የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ነበሩ። ሽንታቸው እየተዘጋ ያስቸግራቸው ስለነበር በየጊዜው እኔ ጋ ይታከማሉ። የተሾመን ኮት ከኋላ ይዘው ጎተቱት።

“ዞር ይበሉ አባባ!” ብሎ በማኖቬላው ክንዳቸውን መታቸው።

ወደቁ። በደህናው እጃቸው ተመርኩዘው እንደገና ተነሡ።

“ምታኝ!” አሉት። “እኔም እንዳንተው ነኝ! ሁለት ሚስት ደብድቤ አባረርኩ። ሁለቱም ሌላ ቤት ገብተው ወለዱ። በቅሎው ማን ነበር? እኔ ነኝ!”

ይህን ሲሉ ጩኸቱን ሰምቶ የመጣው የሰፈር ሰው ደጃፉን ሞልቶታል። ያን ቃል ከወንድ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የተሾመ እጅ ላላ። ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ፤ እሱም እዚያው ቁጭ አለ።

ማኖቬላውን ብርቄ አነሳችው።

“ተይ ብርቄ!” አልኩ፤ ድምፄ ግን አልወጣም። ትከሻው ላይ አንድ ጊዜ አሳረፈችበት። ጮኸ።

“ይኼ የዛሬው ነው” አለችው። “የሌላውን እግዜር ይቁጠረው።”

ብረቱን ጣለችና በሩን አልፋ ልትሄድ ስትል የክሊኒኩ ነርስ ይዛ አስቀመጠቻት። ቁስሏ ከተሰፋ በኋላ ሳንሱሲ ሰፈር ወንድሟ ቤት ገባች፤ ወደ ተሾመም አልተመለሰችም። እሱን ፖሊስ ወሰደው።

አባባ ደግፌ ክንዳቸው ታስሮ ተኝተው ሳሉ ልጠይቃቸው ሄድኩ። “በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን አናገረዎት?” አልኳቸው።

“ልጅቷ ስትጮኽ የመጀመሪያ ሚስቴን መሰለችኝ” አሉ። “ያኔ የሚገላግላት ሰው አልነበረም።”

ከዚያ በኋላ ቀዶ ጥገና መሥራት አልቻልኩም፤ ጥናቱን ግን አልተውኩም። ቀስ በቀስ ወንዶች “ልጅ አጥቼ ነው” እያሉ በግልጽ ይመጡ ጀመር። አባባ ደግፌ ናቸው የሚልኳቸው።

ተሾመን ይቅር ብዬዋለሁ ብል ውሸት ነው፤ ሳስበው ዛሬም ትንፋሽ ያጥረኛል። አባባ ደግፌን ግን አባቴን በማስታውስበት ልብ አስታውሳቸዋለሁ።