ከገዳሪፍ ጎንደር በአውሮፕላን

ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ሰሊጥ ገበያው ዳር ሻይ እሸጥ ነበር። አገር ቤት የቀሩኝ የቅርብ ቤተሰቦቼ ጎንደር ያሉት እናቴና ጋራዥ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ብቻ ነበሩ።

እናቴ ያረፈች ዕለት ወንድሜ በማለዳ ደወለ። በእኛ ወግ መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ሩቅ ላለ ሰው ቀብሩ ካለፈ በኋላ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ በሩን አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። እሱ ግን ልቅሶውን ዋጥ አድርጎ፣ "እታለም፣ እናታችን አረፈች። አይዞሽ፣ ትደርሻለሽ። ስልኬ ላይ አየሁት፤ ከገዳሪፍ ጎንደር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። ሳትመጪ አፈር አይነካትም" አለኝ።

አመንኩት። አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅ፤ ገዳሪፍ የገባሁት የሰሊጥ አጫጆችን በጫነ መኪና፣ በመተማ በኩል ነበር። መተማ ደግሞ በዚያ ሰሞን በተኩስ ምክንያት ተዘግታለች። መሬቱ ቢዘጋ ሰማዩ ክፍት ነው ብዬ፣ ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ እንዳለ ለጎረቤቴ ትቼ ወደ ቲኬት ቆራጩ ሮጥኩ። ጠዋት ጠዋት እኔ ዘንድ ሻይ የሚጠጣ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው። ጎንደር የሚሄደው አውሮፕላን ስንት ሰዓት ላይ ይነሳል ብዬ ብጠይቀው ሳቀ።

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ከዚህ ወደ ጎንደር የሚበር አንበጣ ብቻ ነው።"

ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወና ወንበር ሳበልኝ። ስልኩ የሚናገረው ሰማይ ለሰማይ ያለውን ርቀት እንጂ በረራ አለ ማለት እንዳልሆነ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። መብረር ካሻኝ አንድ ሙሉ ቀን በአውቶቡስ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሼ ወደ ጎንደር። ወደ እናቴ ለመሄድ መጀመሪያ ጀርባዬን ልሰጣት ነው።

ወንድሜ እስከዚያ ድረስ ቀባሪውን አስቁሞ ኖሯል። ቄሶቹ ቆመዋል፣ አክስቶቼ ያጉረመርማሉ፣ እሱ ለጠየቀው ሁሉ "አየር ላይ ናት" እያለ ይመልሳል። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ስደውልለት ገና "ተነሳሽ?" ሲል አቋረጥኩት።

"ቅበራት፣ ወንድም ዓለሜ። አልደርስም።"

"አንድ ሰዓት አይሞላም ይላል እኮ" አለኝ።

"ይላል። አውሮፕላኑ ነው የሌለው።"

ዛሬም የሚቆጨኝ ይኸው ነው። እንደ ወጉ በመርዶ ብሰማው ኖሮ አንዴ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። በዚያ ጠዋት ግን እናቴ ሁለት ጊዜ ሞተችብኝ፤ አንዴ ወንድሜ ሲነግረኝ፣ አንዴ ከቲኬት ቆራጩ ወንበር ላይ ስነሳ። እሱንም አልወቅሰውም። እህቱ ቅርብ እንድትሆንለት ፈለገ፣ ስልኩም ቅርብ ናት አለው።

አርባዋ ካለፈ በኋላ የጎንደሩ መንገድ እስከ መተማ ተከፈተ፤ ወደ ሱዳን የሚያሻግረው ድልድይ ግን ለሰው ዝግ ነበር። ወንድሜ ልቅሶው ላይ የቆመውን ፎቶዋን ይዞ መተማ ወረደ። እኔ በዚህ በኩል፣ ከመተማ ፊት ለፊት ካለችው የሱዳን ከተማ ገላባት መጣሁ። በመካከላችን ደረቁ ወንዝ ብቻ ነበር። ወዲያ ማዶ ቆሞ ፎቶዋን ከራሱ በላይ ከፍ አደረገልኝ፤ አልቅሼ እስክጨርስ ክንዱን አላወረደም። ከዚያ በጋቢው ጠቀለላትና ወደ ጎንደር በሚመለስ አይሱዙ ተሳፍሮ ሄደ።