ከመስቀል ሰንጋ ሆድ የወጣው ክር

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ወልቂጤ ከተማ ግን ሆድ ያባውን የምታወጣው ሆሳዕና የምትባል ባለሙያ ናት። የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ውስጥ የበግና የከብት አንጀት ሰንጥቃ፣ ትሉን አጥባ፣ አፉንና ጅራቱን አይታ የትኛው ዘር እንደሆነ ትለያለች። ስለ ትል ስታወራ ፊቷ ይበራል። ባሏ ምንተስኖት "ኧረ እራት ላይ እንኳ ተይው" እያለ ይለምናታል።

አማቷ እትዬ ወርቅውሃ ግን ልመና አያውቁም። ሆሳዕና ከተዳረች ወዲህ መስቀልን አገና ከተማ፣ የባሏ ወላጆች ዘንድ ትውላለች፤ አንድም ጊዜ ክትፎ አስነክተዋት አያውቁም። "ትል የነካ እጅ ቅቤ አይነካም" ብለው ዘግተውታል። ሙያ አላጣች፣ ንጽሕና አላጣች! የሰው ምራት ሁሉ ስትከትፍ እሷ ቆጮ ስታቀርብ አንጀቷ እርር ይላል።

ዘንድሮ የቅርጫው ሰንጋ ታረደ። የባሏ አባት አቶ ዱባለ ጨጓራውን ቢሰነጥቁት ነጭ ረጃጅም ክር ተጠቅልሎ ወጣ። ተካፋዮቹ ወደ ኋላ አሉ። "ትል ነው። ይሄን ጥሬውን አንበላም" አለ አንዱ ጎረቤት። እትዬ ወርቅውሃ ክው አሉ። በሬውን ክረምቱን ሙሉ ያበሉት እሳቸው፣ የበዓሉ እንግዳ ደግሞ ከአዲስ አበባ ተነስቶ መንገድ ላይ ነው።

ሆሳዕና ማጉያ መነጽሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ተጠጋች። "ድቡልቡል ትል ጫፍና ጫፉ ይሾላል፤ አፍ አለው፣ ጅራት አለው። ይሄ ምኑም የለው" አለች። ከዚያ ክሩን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው። "ትል ቢሆን ብጥስ ይል ነበር። ቃጫ ነው። እማዬ፣ የእንሰት ፍቃፊ ሰጥተውት ነበር እንዴ?"

"ስፍቅ የተረፈውን ከቅጠሉ ጋር እደባልቅለት ነበር፤ እንዲደልብልኝ ብዬ" አሉ እትዬ ወርቅውሃ አፍረው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ምን ነበረበት! ከሽንፍላው ቀጥሎ ያለውን ትንሹን ሆድ ከፍታ፣ ፊቷ በርቶ፣ "እውነተኛውም አለላችሁ" አለች። ሳቁ ቀጥ አለ። ምንተስኖት ዓይኑን ጨፈነ። ምን እንዳደረገች የገባት አፏ ካመለጣት በኋላ ነው፤ ዘንድሮም ክትፎው ቀረብኝ ብላ ከፋት። ቢሆንም የጀመረችውን ጨረሰች። ይሄ ትል ከሆድ ወጥቶ ሥጋ ውስጥ እንደማይገባ ነገረቻቸው። ሥጋ ውስጥ የሚያደባው የኮሶ ዘር ነው፤ እሱን ምላሱንና ልቡን ሰነጣጥቃ ፈልጋ አላገኘችውም።

እትዬ ወርቅውሃ መነጽሩን ተቀብለው ጎንበስ አሉ። ነጭና ቀይ ሆኖ የተጠማዘዘ ቀጭን ነገር አዩ። አይተው አልጠግብ አሉ።

"ይቺ ሴት ናት" አሉ።

"በምን አወቁ እማዬ?"

"ጥለት ለብሳለቻ።"

እውነትም ሴት ናት፤ ወንዱ እንዲህ አያጌጥም። ሆሳዕና ይሄን ስትነግራቸው እትዬ ወርቅውሃ በሳቅ ተንፈቀፈቁ። "በይ ተነሺ፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ" አሉ። ታጠበች። ደግመው አሳጠቧት። ከዚያ ቢላዋውንና መክተፊያውን አስረከቧት።

ከትፋ፣ በቅቤና በሚጥሚጣ ለውሳ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አማቷ ዘረጋች። እትዬ ወርቅውሃ ጎረሱ። ቀስ ብለው አላምጠው ዋጡ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" አሉና ደግመው አፋቸውን ከፈቱ።