ከፊት የተነቀለችው አምፖል

ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም። ትልቁም ትንሹም «አብሪው» ነው የሚለው። የሚያበራው ግን ቤት ወይም መንገድ አይደለም። ዘመናቸው ያለፈባቸውን የኤሌክትሪክ መለኪያዎች ነው፤ እንደ ሻንጣ የሚከብዱ፣ ፊታቸው ላይ ቁጥር የሚያበሩ፣ ፋብሪካቸው ከተዘጋ የቆየ።

እነዚህ መለኪያዎች ሲያረጁ ሆዳቸው ደህና ሆኖ ፊታቸው ነው የሚጠፋው። ውስጡ ይለካል፣ ያሰላል፣ መልሱን ያውቀዋል፤ የሚናገርበት ቁጥር ግን አይበራም። አብሪው «አፍ የሌለው ሊቅ» ይላቸዋል። የእሱ ሥራ አፍ መስጠት ነው። እያንዳንዷ የቁጥር አምፖል አውራ ጣት ታክላለች። በውስጧ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች በቀጭን ሽቦ ተሠርተው አንዱ ከአንዱ ኋላ ቆመዋል፤ ኤሌክትሪክ የደረሰው ብቻ እንደ ፍም ይቀላል። እንደዚህ ያለ አምፖል አሁን የሚሠራ የለም። ስለዚህ ከሞተው አውጥቶ ለሚያጣጥረው መትከል ነው።

የሞቱትን የሚያመጣለት ቆራሌው ነው፤ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ በር ላይ ይቆማል።

«ጋሼ፣ ሬሳ አምጥቻለሁ!»

«ዓይኑስ ደህና ነው?»

«ዓይኑማ የሙሽራ ነው! ይልቅ እግሩን አትጠይቀኝ፣ የለውም።»

አምፖል መንቀል ትንፋሽ የሚያስይዝ ሥራ ነው። እግሮቿ ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱን በብየዳ ብረት አሙቆ፣ የቀለጠውን መጦ፣ ሳይጎትቱ ማላቀቅ ያስፈልጋል። አንዱ እግር ሳይለቅ ከተሳበ አንገቷ ላይ ስንጥቅ ይገባል፤ አየር ከገባ ደግሞ አለቀላት። አብሪው ሲነቅል ሚስቱ ነፋስ እንዳይገባ መስኮቱን ትዘጋና ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች።

«እኔን እንዲህ አድርገህ ይዘኸኝ ታውቃለህ?»

«አንቺ መቼ ትሰነጠቂያለሽ።»

ከሁሉ የሚበልጥበት የራሱ መለኪያ ነው። አራት አምፖል ያለው፣ ከባዱን ኤሌክትሪክ የሚችል፣ ሲበራ ክፍሉን በሙሉ ደም የሚያስመስል። አንድያ ልጁ መቁጠር የተማረው በሱ ፊት ተቀምጦ ነው። ዛሬ ያ ልጅ የሬዲዮ ማሰራጫ ጣቢያ ቴክኒሻን ሆኗል፤ ፂም አብቅሏል፤ እናትና አባቱ ግን አሁንም «ማሙሽ» ነው የሚሉት። ማሙሽ ከአባቱ ሁለት ነገር ወርሷል። አንደኛው፣ የማታውቀውን ከመለካትህ በፊት የምታውቀውን ለካ የሚል ነው። ሁለተኛው የአብሪው ጉራ ነው። ሌሎች ባለሙያዎች ከባድ ማሽን ውስጥ እጃቸውን ከመክተታቸው በፊት የተረፈውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ የታሰረበት ዱላ ያስነኩታል። አብሪው ይስቅባቸዋል። «የሚያይ ሰው በዱላ አይሄድም» ይላል፣ መለኪያውን መታ መታ እያደረገ።

በዚያ ሰሞን የመለኪያው የመጨረሻዋ አምፖል ሞተች። ምትክ አልተገኘም። አብሪው ያኔ የሙያው ሰዎች ሁሉ ሲቸግራቸው የሚያደርጉትን አደረገ። የመጀመሪያዋ አምፖል የምትበራው ሺህ ሲሞላ ብቻ ነው፤ በሰፈር ሥራ ደግሞ ሺህ የሚሞላ ነገር የለም። ከፊት ነቀላት፤ ከኋላ፣ በሞተችው ቦታ ተከላት። የመለኪያው ፊት በጥቁር ቀይ መስታወት የተሸፈነ ስለሆነ ያልበራች አምፖልና የሌለች አምፖል አይለዩም። ስለዚህ በባዶው ቦታ ላይ ቁራጭ ቀይ ናስትሮ ለጠፈ። ቀይ ናስትሮ የእሱና የልጁ ምልክት ነበር። ጉድለት አለኝ፣ ጠይቁኝ ማለት ነው።

ጠዋት ነው። አብሪው ሽቦ ሊገዛ ወጥቶ ሲመለስ ቆራሌው በር ላይ ይጠብቀዋል። ከኪሱ አሮጌ ካልሲ አወጣ፤ ከካልሲው ውስጥ አምፖል።

«ይቺን ይዤ ስመጣ ተኝቼም አልተኛሁ ጋሼ። ከሚስቴ በላይ ተጠንቅቄላታለሁ። ደግሞ እንዳትነግራት!»

አብሪው አምፖሏን ወደ ብርሃን አንስቶ አያት። አንገቷ ደህና ነው። ፊቱ በራ። ወደ ውስጥ ገባና እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። መደርደሪያው ባዶ ነው።

«አንቺ! መለኪያው የታለ?»

«ማሙሽ ወሰደው» አለች ሚስቱ ከጓዳ። «ማሰራጫው አስቸግሯቸው ዛሬ ሊከፍቱት ነው። የነሱ ትንሿ መለኪያ ከባዱን አትችልም አለ።»

«ቀዩን ናስትሮ አይቶታል?»

«የቱን? ያቺ ፊቱ ላይ የነበረችውን?» እጇን በሽርጧ እያደረቀች ብቅ አለች። «ሰው ፊት የሚቀርብ ዕቃ አይደል? ላጥኳትና በአልኮል ወለወልኩለት። አሁን መስታወት መስሏል!»

አብሪው አምፖሏን ጭብጥ አደረጋት። የሬዲዮ ማሰራጫ ከጠፋም በኋላ በሆዱ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። የሚከፍተው ሰው እየለካ ይጠብቃል፤ ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ የማይጎዳ ያህል ሲቀር ያኔ እጁን ይሰዳል። ያ መለኪያ ግን አሁን ሺህ ማለት አይችልም። ሺህ ከሃያ ቢሆን የሚያሳየው ሃያ ነው።

ማሙሽ ደግሞ እንደተማረው መጀመሪያ የሚያውቀውን ይለካል፤ የግድግዳውን ሶኬት። መለኪያው ሁለት መቶ ሃያ ይለዋል። እውነቱን ይነግረውና ያሳምነዋል።

ስልክ ደወለ። ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም። ማሽኑ አጠገብ ስልክ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድ ያውቃል። ግን ደወለ። ደግሞ ደወለ። ከዚያ አምፖሏን እንደጨበጠ ወደ መንገዱ ሮጠ።

ያገኘው ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል።

«ማሰራጫው ጋ! ኮረብታው ላይ! ቶሎ በል ልጄ!» አለና ወዲያው ጆሮው ቆመ። «ይሄ የየትኛው ጣቢያ ነው?»

«የዚሁ የኛው ነው አባባ። ዘፈኑን አልወደዱትም?»

«እንዳትነካው! ድምፁን ጨምርልኝ።»

ዘፈኑ እስከተሰማ ማሰራጫው እየሠራ ነው። እየሠራ ከሆነ ማንም አልከፈተውም። አብሪው ዘፈን ወዳጅ ሰው አይደለም። ያን ዕለት ግን የዘፋኟን እያንዳንዱን ቃል እንደ ልጁ ትንፋሽ ተከተለ። ቃል ልትጨርስ ስትል በባዶ እጁ የፊቱን ወንበር ይጨብጣል፤ ሌላ ስትጀምር ይለቃል። አታቁሚ፣ እህቴ፣ አታቁሚ ይላል በልቡ። መንገዱ ተዘጋ። ባለታክሲው ጡሩምባውን ነፋ።

«የታመመ ሰው አለ እንዴ አባባ?»

«ገና ነው» አለ አብሪው።

ባለታክሲው በመስታወቱ አየው። በአስፋልቱ ጠርዝ፣ በጠጠሩ ላይ ወጥቶ አለፈ።

ዳገቱን ሲጀምሩ ዘፋኟ አንድ ቃል መሃል ላይ ተቆረጠች። ሹሹታ ብቻ ቀረ።

ባለታክሲው እጁን ወደ ሬዲዮው ሰደደ።

«አትቀይር!»

«ሄዷል እኮ፣ ጠፍቷል ጣቢያው…»

«አትቀይር አልኩህ! ይመለሳል!»

አልተመለሰም። ሹሹታው ዳገቱን በሙሉ አብሯቸው ወጣ። አብሪው ልጁን አየው፤ ሶኬቱን ሲለካ፣ ራሱን ሲነቀንቅ፣ የማሽኑን በር ሲከፍት፣ ቁጥሩ ሲወርድ ሲያይ። ዱላውን አንሳው፣ ልጄ፣ ዛሬ እንኳን ዕውር ሁን አለ። ጮክ ብሎ እንዳለው ያወቀው ባለታክሲው ሲዞር ነው።

በሩ ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ። «ጋሼ፣ ያለ ፈቃድ አይገባም።»

«ልጄን ጥራልኝ! እንዳይነካ በለው! ማሙሽ! ማሙሽ!»

በዚያ ግቢ በዚያ ስም የሚያውቀው አልነበረም። ዘበኛው «ማነው ማሙሽ?» እያለ ሳለ ከውስጥ ድምፅ መጣ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚያሰማው ያለ። ከዚያ የሰው ጩኸት፤ የልጁ ግን አይደለም።

ዘበኛውም አብሮት ሮጠ።

ማሙሽ ወለሉ ላይ ተጋድሟል፤ ጭንቅላቱ በአለቃው ጉልበት ላይ ነው። ቀኝ እጁ ጠቁራለች። መለኪያው አጠገቡ ተቀምጦ እንደ መስታወት ያበራል። ማሙሽ አባቱን ሲያይ አልተገረመም። እንደ ልጅነቱ፣ ትምህርቱን እንደሚያስረዳ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«አባዬ፣ ሃያ ነበር ያለው።»

«አዎ ልጄ።»

«መጀመሪያ ሶኬቱን ለክቻለሁ።»

«አውቃለሁ። አውቃለሁ ልጄ።»

«ዱላው በሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር» አለ አለቃው፣ በአገጩ ወደ በሩ እያመለከተ። «አንሳው ብዬው ነበር። አባቴ የሚያይ ሰው በዱላ አይሄድም ይላል ብሎ ሳቀብኝ።»

አብሪው ያን ጊዜ ነው መዳፉን ያየው። ያመጣት አምፖል ጭብጡ ውስጥ ደቅቃለች፤ ደሙ በመስታወቱ ስብርባሪ መሃል ይወርዳል።

ባለታክሲው ሳይሄድ ጠብቋቸው ነበር። ሆስፒታል እስኪደርሱ ሬዲዮው ሹ ይል ነበር፤ ማንም ልብ አላለውም።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። «ልቡ ደህና ነው» አለች። «እጁን ግን… ሁለቱ ጣቶች ያሰጉኛል። ከዚህ በላይ አሁን ምንም ልነግራችሁ አልችልም።»

እናቱ አንድ እግሯ ላይ የቤት፣ አንዱ ላይ የውጭ ጫማ አድርጋ ደረሰች። ሽርጧን አላወለቀችም። አልጋው ላይ ተደፍታ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ትከሻውን ሳመችው፤ በጨርቅ የተጠቀለለችውን እጁን ግን ለማየት አልደፈረችም።

«አባዬ» አለ ማሙሽ ጣራውን እያየ። «እኔ የማይገባኝ ነገር አለ። ፊቱን በደንብ አይቼዋለሁ። ናስትሮ አልነበረውም። ጉድለት ቢኖረው አባቴ ይለጥፍ ነበር ብዬ ነው ያመንኩት።»

አብሪው ሚስቱን አላያትም። ላለማየት ብሎ የራሱን የታሰረ መዳፍ አየ።

«ረሳሁት ልጄ። አልለጠፍኩም።»

እናቱ ከአልጋው ቀና አለች። ጠዋት የጠየቃት ጥያቄ፣ ፊቱ እንዴት እንደሆነ፣ ሳይናገር እንደሮጠ፣ ሁሉም አንድ በአንድ ወደ ፊቷ ሲመጣ ይታያል።

«ለጥፈህ ነበር» አለች።

«አልለጠፍኩም አልኩሽ።»

«ለጥፈህ ነበር አንተ ሰውዬ። በጥፍሬ ነው የላጥኳት።»

እጇን ሽርጧ ኪስ ከተተች። የወለወለችበትን ጨርቅ አወጣች። ቀይዋ ቁራጭ ጠርዙ ላይ እንደተለጠፈች ነበረች። አንሶላው ላይ፣ ልጇ አጠገብ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ወዲያ የምታደርገውን ስላጣች ጨርቁን ታስተካክለው ጀመር።

«እናትህ አታውቅም ነበር» አለ አብሪው። «ያልነገርኳት እኔ ነኝ። ከፊት የነቀልኩት እኔ ነኝ። ዱላውንም…»

ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ በሽተኛ አስነጠሰ።

ማሙሽ ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መሰላቸው።

«ውሃ ስጡኝ» አለ።

ሁለቱም እኩል ተነሡ። እናቱ ኩባያውን አነሣች፤ አባቱ ጆጉን። አንዱ ቀዳ፣ አንዷ ያዘች፤ ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ኩባያውን ወደ ማሙሽ አቀረበችለት። ማሙሽ እንደልማዱ በቀኝ እጁ ሊቀበላት አሰበ፤ ትከሻው ተነሣ፣ ክርኑ ተነሣ። እጁ ግን አንሶላው ላይ፣ ቀይዋ ቁራጭ አጠገብ ቀረች።