ከሳህን የተረፈ ቀይ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ መጨረሻው ላይ ስንት ይወጣዋል? የተማሩ ሰዎች በወፍራም መጻሕፍት ሲከራከሩበት ኖረዋል። አንዱ ሰው ማለት የሠራው ነው ይላል፤ ሌላው የወደደው ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሲሄድ ትቶት የሚሄደው ነው ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ፀጉር ቀለም ስትቀባ የኖረች አንዲት ሴት ግን መልሱን ራሷ ላይ ተሸክማው ትዞር ነበር። ቀርቦ ያነበበላት ሰው አልነበረም እንጂ።

በፀጉር ቤቱ ሁሉም "ጉራማይሌ" ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ፀጉሯ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቡናማ ይመስላል፤ ሲጠጉ ግን ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ የማር መልክ፣ ግማሹ ስም የለሽ ነው። ሥሩ ላይ ሽበቱ ነጭ ክር ሆኖ ይታያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተበጠበጠ ቀለም አያድርም። ከቱቦው ወጥቶ ከነጩ ክሬም ጋር ከተዋሐደ ዕድሜው ግማሽ ሰዓት፣ ቢበዛ ሦስት ሩብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ይጠቁርና ይሞታል። ባለሙያ ደግሞ ደንበኛ ፊት ቀለም ከሚያንሰው ቢተርፈው ይመርጣል። ስለዚህ ከሳህኑ ግርጌ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ማንኪያ ይቀራል። ጉራማይሌ ይህን መጣል አንጀቷ እሺ አይላትም። ደንበኛዋን አስቀምጣ፣ መስታወት እንኳ ሳታይ፣ የተረፈውን በብሩሹ ጠርጋ የራሷ ፀጉር ላይ ትለቀልቀዋለች። ዛሬ ጆሮዋ ሥር፣ ነገ ግንባሯ ላይ፣ የተረፈው እስካዳረሰ ድረስ። ለሚያውቅበት ሰው ፀጉሯ የደንበኞቿ መዝገብ ነበር። በቀኝ ጆሮዋ በኩል ያለው ቡናማ የባንክ ሠራተኛዋ ነው። ማጅራቷ ላይ ያለው ድቅድቅ ጥቁር ባሏ የሞተባት መምህርት ነው። ግንባሯ ላይ ያለችው ማር የምትመስል ዘለላ ደግሞ ሠርጓ የፈረሰባት የአንዲት ሙሽራ ናት።

"አንቺ የሰውን ሁሉ ታሳምሪያለሽ፤ የራስሽ ግን የነብር ቆዳ መሰለ እኮ!" ይሏታል።

"ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲባል አልሰማችሁም?" ትላለች። ይስቃሉ። እሷም አብራ ትስቃለች።

ቀይ ብቻ ነበር ከሳህን ተርፎላት የማያውቀው። ቀይ ሲቀባ ጠገብ ተደርጎ ነው፤ ካልጠገበ ፀጉሩ ይጠጣውና ዝገት ይመስላል። ስለዚህ ሳህኑ ሁልጊዜ ተሟጦ ነው የሚመለሰው። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ የምትመኘው ቀይ ነው። በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ብሩሽ መያዝ በጀመረች ሰሞን፣ "ቀይ ልቀባ ነው" ስትል እናቷ "ሰው ምን ይላል?" አለቻት። በሠላሳዋ ባሏ "የልጅ እናት ሆነሽ?" አላት። በአርባዋ ማንም ምንም አላላትም፤ ጊዜ ግን አልነበራትም። አሁን ሃምሳ ሰባት ሞልቷታል።

በዚያ ዓመት ቀኝ ትከሻዋ እምቢ አለ። ክንዷ ከደረቷ በላይ አልወጣ ሲላት ሐኪሙ የራጁን ሥዕል መብራት ላይ ሰቅሎ አየና "ሥራሽ ምንድን ነው?" አላት። ስትነግረው "እንግዲህ ይበቃሻል" አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንዲት ቃል ያልቃል። እሷም አልተከራከረችም። ደክሟት ነበር። እግሯ፣ ወገቧ፣ ደንበኛ ሲያወራ "አዬ!" እያለች ስትሰማ የኖረችበት ጆሮዋ ሳይቀር ደክሟት ነበር።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት የእህቷ ልጅ ናት። ሙያውን ያስተማረቻት ጉራማይሌ ናት፤ መጀመሪያ ብሩሽ ያስያዘቻት፣ መጀመሪያ ያቃጠለችውን ፀጉር ደንበኛዋ ሳታይ ያዳነችላት። የመጨረሻው የሥራ ቀን ቅዳሜ እንዲሆን ሲወስኑ የእህቷ ልጅ "አክስቴ፣ ለመሰናበቻ ምን ላድርግልሽ?" አለቻት።

"ቀይ ቀቢኝ።"

"ይኸው ነው? ቀላል! ቅዳሜ ከሰዓት ወንበሩ ላይ አስቀምጬሽ እንደ ንግሥት ነው የምቀባሽ!"

ጉራማይሌ ሳምንቱን ሙሉ ቀይ ስትመርጥ ሰነበተች። ለሌላው በአምስት ደቂቃ የምትመርጠውን ለራሷ አምስት ቀን ፈጀባት። የናሙናውን ደብተር፣ እንደ አሻንጉሊት ጭራ የተደረደሩትን የፀጉር ቁራጮች፣ መስኮቱ ጋ ወስዳ ጉንጯ ላይ እየያዘች አየች። አንዱ ፊቷን አገረጣባት፣ አንዱ የወጣት ሆነባት። አርብ ዕለት አገኘችው፤ ጡብ ዝናብ ሲመታው የሚይዘው ዓይነት ቀይ ነበር፣ ጨለም ያለ፣ የማይጮህ። በመደርደሪያው ላይ ከዚህ ቀይ ሁለት ቱቦ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሁለቱንም ከፎጣው ጀርባ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ማታ ለባሏ ስትነግረው ከጋዜጣው ቀና ሳይል "በዚህ ዕድሜሽ? የትራፊክ መብራት ልትሆኚ ነው?" አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ራሷን በሻርፕ የጠቀለለች ወጣት ገባች። ሻርፑን ስትፈታው ሁሉም ዞሮ አያት። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል የራሷ ጥቁር ነው። መሐሉ ብርቱካን ሆኗል። ጫፉ ደግሞ እንደ ጫማ ቀለም የጠቆረ ነው። ሦስት ሴቶች አንድ ራስ የተከራዩ ይመስላል።

"ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ፣ ልጄ?" አለች ጉራማይሌ።

"እኔው ነኝ፣ እናቴ። ድሮ ጥቁር ቀለም ነበረው። ቀይ ገዝቼ ላዩ ላይ ቀባሁት፤ ምንም አልያዘ። ከዚያ የሚያነጣውን ዱቄት መሐሉ ላይ አደረግሁት፤ ይኸው ብርቱካን ሆነ። ደነገጥኩና ጫፉን በጥቁር ደገምኩት።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!" አለች የእህቷ ልጅ ከወዲያ ወንበር።

"ተያት እስቲ። ስሚኝ ልጄ፣ ቀለም ቀለምን አያነሳም። ያረጀ ቀለም ላይ አዲስ ብትደርቢበት ያረጀው ከሥር ሆኖ ይስቅብሻል። መጀመሪያ የነበረው መውጣት አለበት። ለመቼ ነው የፈለግሽው?"

"ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። እንግዳ መቀበያ ላይ።" ሻርፑን መልሳ ጨበጠች። "በዚህ ራስ ከገባሁ በሩ ላይ ነው የሚመልሱኝ።"

ከስልኳ አንዲት ቀይ ፀጉር ሴት አሳየች። ፎቶው የሚነድ ይመስላል።

"ይሄ መብራት የበራበት ቀይ ነው። ሰኞ መብራቱን ማን ይይዝልሻል?" አለች ጉራማይሌ። ልጅቷ ሳትፈልግ ሳቀች።

መስኮቱ ጋ ወስዳ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ያዘችባት። ደማቁ ቀይ ብርቱካኑ ላይ ካረፈ እሳት ይሆናል። የወይን ጠጁ የጠቆረው ጫፍ ላይ ሐምራዊ ይሆናል። ሁለቱን ማስታረቅ የሚችል፣ ለፊቷም የሚሆን፣ ጨለም ያለ ረጋ ያለ ቀይ ነው የሚያስፈልገው። የጉራማይሌ ጣት አንዱ ናሙና ላይ ሲደርስ ቆመ። ዝናብ የመታው ጡብ።

የልጅቷ ፀጉር እስከ ትከሻዋ አጥንት ይወርዳል፤ ጥቅጥቅ ያለ ነው። አንድ ቱቦ አይበቃም።

"ይሄ ቀለም አልቋል" ማለት ይቻል ነበር። ማንም አይጠይቃትም። ሰው ክፉ ለመሆን ሁልጊዜ ትልቅ አጋጣሚ አይጠብቅም፤ አንዳንዴ አንዲት መሳቢያ አለመክፈት ይበቃል። ጉራማይሌ ግን ፀጉሩን እንደ ፀጉር አየችው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዳየችው። በሌላ ቀይ እንደማይስተካከል እያወቀች ሌላ መቀባት ደግሞ አይሆንላትም።

"ከፎጣው ኋላ ያለውን አምጪልኝ" አለቻት የእህቷን ልጅ።

የእህቷ ልጅ ተጠግታ በሹክሹክታ "ያንቺን?" አለች።

"ቀለም ላይ ስም አይጻፍም።"

"አንቺን ይንሳኝ፣ ሰኞ አዲስ ይመጣል! እኔው ራሴ ነኝ የምቀባሽ።" ፊቷ ላይ ግን እፎይታ ነበር። ከሰዓቱን ሁለት ደንበኛ ቀጥራበት ነበርና።

ሥራው አምስት ሰዓት ፈጀ። መጀመሪያ ከጫፉ አንዲት ዘለላ ሞከረች። ከዚያ የጠቆረውን ብቻ እየለየች፣ ብርቱካኑን ሳትነካ፣ ዱቄቱን ቀባች፤ እየጠበቀች አየች፣ አጠበች፣ አደረቀች። መሐሉና ጫፉ ሲቀራረብ ቀዩን በጠበጠች። ከጫፍ ጀመረች። ሥሩ መጨረሻ ነው፤ የራስ ቆዳ ሙቀት ስላለው ቀለም ቶሎ ይይዛል፣ ቀድመው ከነኩት ይንቦገቦጋል። ቀኝ ክንዷ አልወጣ ሲላት በግራ እጇ ክርኗን ከሥር ደግፋ ታነሳዋለች። አንድ እጅ የሚሠራ፣ አንድ እጅ የሚሸከም።

"እባክዎ ትንሽ ይቀመጡ፣ እናቴ" አለች ልጅቷ በመስታወቱ እያየቻት።

"ቁጭ ተብሎ የሚቀባ ጫማ ነው፣ ልጄ።"

የመጨረሻዋን ሥር ቀብታ ስታበቃ ብሩሹን ሳህኑ ላይ አሳረፈች። ያን ጊዜ ነው የእህቷ ልጅ ያየችው።

"አክስቴ! ተርፎልሻል!"

እውነት ነው። ከሳህኑ ግርጌ አንዲት ማንኪያ የማትሞላ ቀይ ቀርታለች። በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ። ሌሎቹም ሠራተኞች ዞረው አዩ፤ አንዷ አጨበጨበች።

"በይ እንጂ! ግንባርሽ ላይ ትበቃለች። በመጨረሻ ቀንሽ ቀይ ደረሰሽ!"

ጉራማይሌ ሳህኑን ይዛ ቆመች። እጇ ልማዱን ያውቃል፤ ብሩሹን ሊያነሳ ቃጣው። መስታወቱን ቀና ብላ አየችው። ብዙ ጊዜ አታየውም ነበር። የባንክ ሠራተኛዋን አየች፣ መምህርቷን አየች፣ ሙሽራዋን አየች። ራሷን ፈለገች፤ ከሥሩ ከወጣው ነጭ በቀር አላገኘችም።

ወደ ገንዳው ሄዳ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው መጀመሪያ ቀይ ሆነ፣ ቀጥሎ ሮዝ ሆነ፣ ቀጥሎ ውሃ ሆነ።

"ምን ነካሽ?" አለች የእህቷ ልጅ።

"ትራፊ ጠገብኩ።" ሳህኑን በፎጣ አደረቀችው። ድምጿ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ ነው። "ሰኞ አልሽ አይደል? ሰኞ እመጣለሁ። ከሙሉ ቱቦ፣ በደረቅ ሳህን፣ ለእኔ ብለሽ በጥብጪልኝ። ከሌላ ሰው ሳይተርፍ። ከጫፍ ጀምሪ፣ ሥሩን መጨረሻ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ!"

ፀጉሩ ታጥቦ ሲደርቅ ልጅቷ መስታወቱ ፊት አፏን በእጇ ያዘች። ከሥር እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነበር፤ ሲዞር ብቻ የሚበራ፣ ሲቆም የሚጨልም ቀይ። አለቀሰች። "ስምዎን ማን ልበል?" ብትላት ጉራማይሌ "ተይው፤ ይልቅ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ። ቀይ ከሁሉ ቀለም ቶሎ የሚከዳ ነው" አለቻት። የሥራ ጋዋኗን ሰቀለች፣ ጓንቷን ገልብጣ አወለቀች፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወጣች። ኬክ ሊቆርሱላት አስበው ነበር፤ ቤቱ በደንበኛ ተጨናንቆ ተረሳ።

ሰኞ ሄደች። ቀለሙ አልመጣም ነበር። በሁለተኛው ሰኞ መጥቶ ነበር፤ ወንበሩ ግን ተይዟል። በሦስተኛው ሰኞ የእህቷ ልጅ ሁለት እጇ የሰው ራስ ላይ ሆኖ "አክስቴ ሙች፣ አንድ ጊዜ ጠብቂኝ" አለቻት፤ ጠበቀች፤ እየጠበቀች ፎጣ አጣጠፈች፤ ቀኑ መሸ። በአራተኛው አንዲት ቱቦ ሰጥታት "እቤትሽ ተቀቢው፣ አንቺ እኮ ባለሙያ ነሽ" አለቻት። እጇ ወደ ማጅራቷ እንደማይደርስ የእህቷ ልጅ ታውቃለች። በሥራ ብዛት የሚረሳ ነገር ሁሉ ክፋት አይደለም፤ የተረሳው ሰው ላይ ሲደርስ ግን ልዩነቱ ብዙ አይደለም።

ለባሏ "ከኋላ ያለውን ብቻ ቀባልኝ፤ እኔ እየነገርኩህ" አለችው። "እጄ በር መቀባት እንጂ ራስ መቀባት አልለመደም" ብሎ ሳቀ። ልጇ በስልክ "እማዬ፣ ደግሞ ሙሽራ ልትሆኚ ነው?" አላት፤ እሷም ሳቀች፤ ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፤ የሚያነሳው ሰው ያጣ ዕቃ ይመስል።

ቱቦዋ ከመስታወቱ ሥር እንደተቀመጠች ደረቀች። ፀጉሯ ከሥሩ ነጭ ሆኖ ወጣ። የሌሎቹ ሴቶች ቀለም ወደ ጫፍ እየተገፋ ሄደ፤ በየጊዜው በመቀስ ሲስተካከል መጀመሪያ መምህርቷ ሄደች፣ ቀጥሎ የባንክ ሠራተኛዋ፣ ከሁሉ መጨረሻ ሙሽራዋ። በሁለት ዓመት ውስጥ የሰው ነገር ራሷ ላይ አልቀረም። "ጉራማይሌ" የሚላትም ጠፋ።

የጠየቀችው ትልቅ ነገር አልነበረም። አንድ ከሰዓት፣ አንድ ወንበር፣ በደረቅ ሳህን ለእሷ ተብሎ የተበጠበጠ ቀይ፤ ከጫፍ ተጀምሮ፣ ሥሩ መጨረሻ። የቀባት ሰው የለም።