አርባ ስድስት የተገኘባት ጦጣ

ወንድሜ ሙህዲን ማሽላ ጠባቂ ነው። ጨፋ ውስጥ፣ ከቦርከና ወንዝ ወዲህ ባለው ማሳችን መሐል፣ በአራት እንጨት የቆመች ማማ አለችው። ማሽላው እሸት ከያዘ ጀምሮ እስኪታጨድ ድረስ ከእሷ አይወርድም። አባታችን ከሞተ ወዲህ፣ አርባ ዓመት ሙሉ፣ አንዲት ራስ ማሽላ በጦጣ አላስበላም። ይኼን የምለው እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው የሚለው፣ ያውም በየቀኑ። ሰርግ ቤት ይለዋል፣ ለቅሶ ቤት ይለዋል። አንድ ጊዜ መታወቂያ ሊያወጣ ከሚሴ ሄዶ ጸሐፊዋ «ሥራ?» ብትለው፣ «አርባ ዓመት፣ አንድም ራስ!» ብሎ መለሰላት። ልጅቷ ምን ብላ እንደጻፈችው አላውቅም።

ልጅ ሳለ ግን እንዲህ አልነበረም። ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ አስታውሳለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አባታችን ወንጭፍ አስይዞ ማማው ላይ አውጥቶት ሄደ። ሲመለስ ሙህዲን መሬት ተቀምጦ፣ ከሦስት ጦጦች ጋር እሸት ይበላል። እሱ ይፈለፍላል፣ እነሱ ይበላሉ። ያን ቀን ከአባታችን እጅ ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ጦጣ ሲያይ ዓይኑ ደም ይለብሳል።

የሰፈራችንን ልጅ ሪሀናን ደግሞ እኔ ነኝ ያዋለድኳት። ጤና ጣቢያው ሳይከፈት በዚህ ሰፈር የሚወለደው ሁሉ በእኔ እጅ ነበር የሚመጣ። እሷ ተማረች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ባለፈው ጥቅምት ከእንስሳት ሐኪሙ ከአሚር ጋር የሽቦ ወጥመድ አስጭና መጣች።

«አኮ» አለችኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው። «የዝንጀሮ፣ የጭላዳና የጦጣ ደም እያነጻጸርን ነው። የጭላዳውን ከደጋ አመጣን፤ የዝንጀሮውም አለን። የቀረን የእናንተ ጦጣ ነው።»

«አጂብ! ደሙ ምን ያደርግላችኋል?»

«ክሮሞዞም የሚባል አለበት። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የክር ቁርጥራጭ ይመስላል፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ። ዝንጀሮ አርባ ሁለት አላት፤ ጭላዳም አርባ ሁለት። ጦጣ ግን ስልሳ። የትኛው የት ላይ እንደተቆረጠ፣ የትኛው ከየትኛው እንደተቀጠለ ስናይ፣ ማን የማን የቅርብ ዘመድ እንደሆነና ማን ቀድሞ እንደተለየ እንደርስበታለን።»

ሙህዲን ከማማው ላይ ጆሮውን አቁሞ ኖሯል። «ስልሳ?» አለ። «ይቺ ሌባ ከዝንጀሮ በአሥራ ስምንት ትበልጣለች?»

«መብለጥ አይደለም አባ። መሬት ለወራሾች ሲካፈል እንደማለት ነው። ማሳው ያው ነው፤ ድንበሩ ነው የበዛው።»

ይኼ ገባው። የድንበር ነገር ለሙህዲን አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

በማግስቱ አንዲት የምታጠባ ጦጣ ወጥመዱ ውስጥ ገባች። አሚር አስተኝቶ ደም ቀዳላትና፣ ስትነቃ ለቀቃት። ደሙን አረንጓዴ ክዳን ባለው ብልቃጥ አድርገው ሰባት ቁጥር ለጠፉበት፤ ከቀሩት ባዶ ብልቃጦች ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት። ከዚያ ለመንገድ የሚሆን በረዶ ፍለጋ በባጃጅ ወደ ጨፋ ሮቢት ሄዱ። ደሙ በባጃጅ መናጥ የለበትም ተብሎ ሳጥኑ ለሙህዲን ተሰጠ።

«አባ፣ አይከፈት። ከዚህ ውጪ ሌላ የጦጣ ደም የለኝም» አለችው ሪሀና።

«ልጄ፣ ከእኔ እጅ አርባ ዓመት...»

«አውቃለሁ፣ አንድም ራስ።»

እኔ ምሳውን ይዤ ማማው ላይ ስወጣ ሳጥኑን አቅፎ ተቀምጧል። አይከፈትም ቢለኝ ኖሮ ደግ ነበር፤ እኔም ዝም ብል ደግ ነበር። ግን «እስቲ አሳየኝ» አልኩት። እሱም ለማሳየት ቸኩሎ ነበር መሰለኝ፣ ከፈተው። ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አንስቶ «እይ እትዬ ሰሊማ፤ የዚያች ሌባ ደም» አለኝ። ከዚያ ምሳውን ልቀበል ብሎ ብልቃጡን ከማማው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ምሳው ላይ ጎንበስ ስንል ከኋላችን አንዲት እጅ፣ ጥቁር ቀጭን እጅ፣ ብልቃጡን አንስታ ሄደች።

ሙህዲን አልጮኸም። ወንጭፉንም አላነሳም። ጦጣይቱ ግራሩ ላይ ወጥታ ክዳኑን በጥርሷ ስትነቅል ቆሞ ያያል።

«ማል ታቴ? ምን ሆንክ? ወርውር እንጂ!»

«እትዬ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ከእጄ ወሰደችው። ከእጄ።»

ፊቱን ሳይ የሰባት ዓመቱ ልጅ ታየኝ። የሪሀናም ነገር ያሳዝናል፤ የእሱ ግን ባሰብኝ። ይኼ ነገር ጨፋ ውስጥ ከተሰማ እስከ ቀብሩ ድረስ መሳቂያ እንደሚሆን ሁለታችንም አውቀናል። ለሰው ሁሉ ሲነግረው የኖረው አርባ ዓመት በአንዲት ቀጭን እጅ ሊያልቅ ነው።

«ባዶ ብልቃጥ አለ አይደል?» አልኩት። «ደም ደም ነው። ጣትህን አምጣ።»

ከዝንጀሮ መንጋ ጋር ብቻውን የሚጋጠም ሰው፣ ምላጩን ከመቀነቴ ሳወጣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከተተ። ቢስሚላህ ብዬ የራሴን አውራ ጣት ቆረጥኩ። ስንት ወላድ ያየሁ ሴት ነኝ፣ ጠብታ ደም አያስደነግጠኝም። ባዶውን ብልቃጥ ሁለት ጣት ያህል ሞላሁና ክዳኑን ገጠምኩ። በፕላስተር ላይ ሰባት ቁጥር ጽፌ ለጠፍኩበት፤ በመሠረተ ትምህርት የተማርኩትን ለዚህ አዋልኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ሪሀና መጣች፣ አመሰገነች፣ ሳጥኗን ይዛ ሄደች።

በሳምንቱ ተመለሰች። ከባጃጁ ስትወርድ እጇ ላይ አንድ ወረቀት አለ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥራችን ሥር ተሰብስቧል። ሙህዲን ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ብቅ አለ። ለምን እንደጠቀለለው አልነገረኝም፤ ኋላ ነው የገባኝ።

«አባ ሙህዲን» አለች ሪሀና፤ «ጦጣ ስንት ነበር ያልኳችሁ?»

«ስልሳ።»

«ይቺ ጦጣ አርባ ስድስት ተገኘባት።»

«ታማ ይሆናላ፣ ከስታ።»

«በመክሳት አይቀንስም። አርባ ስድስት ያለው ሰው ነው።»

እኔ አውራ ጣቴን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ። ሙህዲን ጉሮሮውን ጠራረገና የተጠቀለለውን ጣቱን ከፍ አድርጎ፣ ለሁሉም እንዲታይ፣ «የኔ ነው» አለ። «ደሙ የኔ ነው። ጥፋቱም የኔ ነው። ሌላ ሰው የለበትም።»

ለካ ለእኔ ብሎ ነው። ዕንባዬ መጣ፤ ጥሩ ወንድም አለኝ አልኩ በሆዴ።

ሪሀና ወረቀቱን አየች፣ እሱን አየችው፤ ከንፈሯን ነከሰች። «አባ» አለች፤ «ከእነዚህ ክሮች መሐል ወንድና ሴትን የሚለዩ ሁለት አሉ። ይኼ ደም የሴት ነው።»

እንዲያ ያለ ሳቅ ጨፋ ሰምቶ አያውቅም። ጎረቤታችን ረቢአ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች። «ሙህዲን! ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ከወንዶቹ ጋር ትሰግዳለህ?» አለችው። ሙህዲን ወደ እኔ ዞረ። ሪሀናም ዞረች። እኔም ከነጠላዬ ውስጥ አውራ ጣቴን አወጣሁ።

«አኮ!» አለች። «ሰባት ቁጥሩን ሳየው ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ገበሬ የጻፈው ማረሻ ይመስላል።»

ስቃ ስታበቃ ግን ፊቷ ጠቆረ። እስከ ወሩ መጨረሻ የጦጣው ደም ካልተገኘ የመመረቂያ ጽሑፏ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። ጦጦቹ ደግሞ ወጥመዱን አውቀውታል፤ ሙዝም ቢደረግበት ዞር ብለው አያዩትም።

ሙህዲን ወደ ማሳው ዞሮ አየ። ከዚያ «ማሽላዬ መሐል አስቀምጡት» አለ።

«አባ፣ እርስዎ ማማው ላይ እያሉ አይገቡም እኮ።»

«ይገባሉ። አልወረውርም።»

በማግስቱ ግማሹ የሰፈሩ ሰው ወንዙ ዳር ቆሞ ያይ ነበር። ሙህዲን ወንጭፉን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ጦጦቹ መጀመሪያ አላመኑም፤ አንዷ መጣች፣ አየችው፣ አንድ ራስ ሰበረች፣ ቆማ ጠበቀች። እሱ ጥርሱን ነከሰ። ከዚያ መንጋው ገባ።

«ሙህዲን፣ ጋብዘሃቸው ነው?» ይላል አንዱ ከዳር።

«ውሃም ስጣቸው እንጂ!» ይላል ሌላው።

እሱ የሚሰበረውን ራስ ይቆጥራል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ሃያ ላይ ሲደርስ ምሳውን ይዤለት ወጣሁ። ቁጭ ብሎ እሸት ይፈለፍላል፣ ይበላል፤ ከማማው ሥር ደግሞ ሦስት ጦጦች ተቀምጠው ይበላሉ። የዛሬ ስንት ዓመት ከአባታችን እጅ ያስጣልኩት ልጅ ይኼ ነው ብዬ አየሁት፤ አሁን የሚገርፈው የለም። ሰዓት ሳይሞላ ወጥመዱ ጯ ብሎ ተዘጋ።

ደሙ በዚያው ቀን ሄደ። ሪሀና ደውላ «ስልሳ!» ስትል ሙህዲን ስልኩን ቀማኝና «ታዲያ በአሥራ አራት የሚበልጡኝን ነው አርባ ዓመት ያሸነፍኳቸው!» አላት። የድንበሩን ነገር እንደገና አስረዳችው። ቢገባውም አልተቀበላትም።

የእኔን አርባ ስድስት፣ ሥዕሉን፣ ሪሀና ሰጥታኝ ሳጥኔ ውስጥ አኖርኩት። ሙህዲንም ሰርግ ቤት መሄዱን አልተወም። አሁን የሚለው «አርባ ዓመት፣ ሠላሳ አንድ ራስ» ነው። ትንሽ ያርፍና ይጨምራል፦ «እሱንም ለትምህርት።»